ሳልቫጀንቴና ሳልባጅ

ባለፈው ሰሞን የልጅ ልጄ መክሊት መርካቶ ዱባይ ተራ ገብታ አንድ ብርቱካናማ ነገር ይዛ መጣች። በሩን ሳታልፍ ሽታው ቀድሟት ገባ፤ አዲስ ላስቲክ፣ አዲስ ሸራ፣ ትንሽ ደግሞ ማስቲሽ ማስቲሽ የሚል። እኔ አማኑኤል ሰፈር ባለችው ቤታችን በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቅሁ ነበር። ዓይኔ ከድቶኛል፣ ጆሮዬም የፈለገውን ብቻ ነው የሚሰማው፣ አፍንጫዬ ግን ተመስገን ነው፣ ገና አላረጀም። ምንድን ነው እሱ ብላት ላይፍ ጃኬት ነው አለችኝ። ከመሥሪያ ቤት ጓደኞቿ ጋር ስድስት ሆነው በላስቲክ ጀልባ አዋሽን ሊወርዱ ነው፤ ያውም አረፋ እየደፈቀ በድንጋይ መሃል የሚንደረደርበትን ቦታ መርጠው። ጀልባና ሄልሜት የሚያከራይ አስጎብኚ አግኝተዋል። የሱ ጃኬቶች አርጅተዋል ብለው አዲስ ስድስት ገዙ፤ አንድ ዓይነት ቀለም ሲሆን ለፎቶም ያምራል አለችኝ።

«በኛ ጊዜ ሳልቫጀንቴ ነበር የሚባለው» አልኳት።

«ሳልባጅ?» አለችኝ።

አይ መክሊት! ከስንት ዘመን በፊት አንድ ደላላ የተሳሳተውን ስህተት ሳትጨምር ሳትቀንስ ደገመችልኝ። ሳቄ ትን ብሎኝ ልሞት ነበር። ልጅቷ ደንግጣ ውሃ አምጥታ ጀርባዬን ትመታኛለች፣ የኔ ልብ ግን ያን ጊዜ ጭድ ተራ ደርሶ ነበር።

ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ። ማን ይገዛ እንደነበርም አትጠይቁኝ፣ እሱን የሚጽፉ ሌሎች አሉ። እኔ የማስታውሰው ሱሪ ከጉልበት በታች እየሰፋ ሄዶ ጫማ የሸፈነበት ጊዜ መሆኑን ነው። ያ ፋሽን ለኛ ለልብስ ሰፊዎች ጥጋብ ነበር፤ ጎረምሳው ሁሉ የድሮ ሱሪውን ይዞ ይመጣል፣ እኛም ጎኑን ተርትረን ባለ ሦስት ማዕዘን ጨርቅ እንጨምርበትና በሽልንግ ዘመናዊ እናደርገዋለን። የስፌት መኪናዬ መርካቶ፣ ጭድ ተራ ጫፍ ላይ፣ ሳልባጅ ከሚሸጥበት መደዳ ትይዩ፣ አንዲት ቆርቆሮ ሥር ነበረች። ጠዋት ጠዋት ጭድ የጫኑ አህዮች ሲያልፉ ብናኙ ተነስቶ የመኪናዬ ዘይት ላይ ይለጠፋል፤ እኔ የሰፋሁለትን ኮት የለበሰ ሰው ቤቱ ገብቶ ከኪሱ ጭድ ያወጣል። ከጎናችን ሻይ ቤት አለ፣ ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ቦምቦሊኖ በአምስት። የሻይ ቤቱ ሬዲዮ ሲዘፍን የመደዳው ልብስ ሰፊ በሙሉ መኪናውን በዘፈኑ ምት ነው የሚረግጠው። ቀስ ያለ ዘፈን ከመጣ ሥራው ሁሉ ይጓተታል፣ ደንበኛ ይቆጣል። አሁን ያ ቦታ ፎቅ ሆኗል። ባለፈው ዓመት መክሊት ይዛኝ ሄዳ መኪናዬ የነበረችበትን ስፈልግ፣ የሞባይል ሽፋን የምትሸጥ ሴት «አባቴ፣ ምን ልስጥዎት?» አለችኝ። ምንም ልላት አስቤ ፊቷን ሳየው አሳዘነችኝና አንድ የቻርጀር ገመድ ገዝቼ ወጣሁ። እስካሁን የምን ስልክ እንደሆነ አላወቅንም።

ፊት ለፊቴ ዘነበች ነበረች። ሳልባጅ ያው እንደምታውቁት ከባሕር ማዶ በጥቅል ታስሮ የሚመጣ የተለበሰ ልብስ ነው። ጥቅሉ ሲፈታ ጨርቁ ሁሉ የብል መድኃኒት ይሸታል፣ ተጨማዶም የከብት ምላስ የሰለቀጠው ይመስላል። እሷ ነበረች በሁለት ትልልቅ በርሜል አጥባ፣ በከሰል ካውያ ተኩሳ፣ ሰው የሚለብሰው የምታደርገው። ከጎጃም የመጣች፣ እጇ ፈጣን፣ ምላሷም ከእጇ የማይዘገይ። እኔ ከሷ ጋር የማወራበት ሰበብ ስለሌለኝ ያልተጨማደደ ጨርቅ ይዤ ተኩሺልኝ ብዬ እሄዳለሁ። እሷም ጨርቁን ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አይታ፣ ይኼ ጨርቅ ምን በደለህ ትለኛለች። ለሁለት ዓመት ያህል ከዚህ ያለፈ ነገር አልተነጋገርንም።

አንድ ቀን ታዲያ ደላላው ሸምሱ አንድ ጠጉሩ የሸበተ ጣሊያን ከኋላው አስከትሎ መጣ። ሙሴ ሬንዞ ይባላል፤ ሙሴ የምንለው ያኔ ፈረንጁን ሁሉ ነው። ከአውቶቡስ ተራ ወረድ ብሎ ጋራዥ ነበረው፤ አብሮ አደጌ ታደሰም እዚያው መካኒክ ነው። ሙሴ ሬንዞ አማርኛን እዚሁ ሲኖር በጆሮው ለቃቅሞ የተማረ ስለሆነ ወንዱንም ሴቱንም አንቺ ነው የሚለው። ሸምሱን ሳልቫጀንቴ ፈልጊልኝ ብሎታል። በጣሊያንኛ ሰው እንዳይሰጥም ውሃ ላይ የሚለበስ ነገር ማለት ነው። ሸምሱ ደግሞ የለም የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ የማያውቅ ሰው ነው፤ ሳልባጅ ማለቱ ነው ብሎ ደመደመና ወስዶ ዘነበች ፊት አቆመው። ዘነበች ካፖርት ታነሳለች፣ ሙሴ ራሱን ይነቀንቃል። ሹራብ ታነሳለች፣ ይነቀንቃል። የሴት ቀሚስ ስታነሳማ ሰውዬው ትዕግሥቱ አለቀ፤ እዚያው ጭዱ ላይ ተንጋሎ እጅና እግሩን እያወራጨ የሚሰጥም ሰው ሆኖ አሳየን። መደዳው ሥራ አቆመ። አንዲት ሴትዮ ጠበል አምጡለት አለች። እኔ ግን ገባኝ፣ ከመኪናዬ ተነስቼ ነገሩን ተረጎምኩላቸው። እንዲህ ያለ ነገር ሰፍተህ ታውቃለህ ወይ ብትሉኝ፣ አይቼም አላውቅ። ዘነበች ግን ዓይኗን ተክላ እያየችኝ ነበር፣ ስለዚህ እኔ እሰፋዋለሁ አልኩ።

ለካ ሙሴ ሬንዞ ከመነዳሪ ከሚባለው የጭነት መኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ ጀልባ ሠርቶ፣ ስድስት ሆነው አዋሽን ሊወርዱ ነው። ከስድስቱ አንዱ ታደሰ ነው። ታደሰ የሚያውቀው ውሃ የቧንቧ ውሃ ነው! አብደሃል ወይ ብዬ ልመልሰው ጋራዡ ሄድኩ፤ የሙሴን ዝግጅት ሳይ ግን አፌን ያዝኩ። ሰውዬው ወንዙን ዳር ዳሩን በእግሩ ሁለት ጊዜ ሄዶበታል። ውሃው ገደል የሚገባበትን፣ ከጀልባ ወርደው ጀልባዋን በትከሻ ተሸክመው የሚያልፉበትን ቦታ ሁሉ በካርቶን ላይ ስሎ ግድግዳ ላይ ለጥፏል። ክረምቱ ወጥቶ ውሃው ካልጎደለና ካልጠራ አይነሳም። ላይ አገር ደመና ከታየ፣ ደራሽ ውሃ እዚህ ፀሐይ እያለ ስለሚመጣ፣ ጀልባዋን የሚነካት የለም። አንድ ፉጨት ቁሙ ነው፣ ሦስት ፉጨት ሰው ወድቋል። ከሁሉ የሚያስቀው ደግሞ የምሳ ሰዓቱ ልምምድ ነበር። አምስቱን መካኒኮች ቱታቸውን እንደለበሱ የጋራዡ ወለል ላይ በጀርባቸው ያስተኛና «እግር ወደ ፊት!» እያለ ይጮህባቸዋል። ነገሩ ቁም ነገር ነው፤ እየተንደረደረ በሚሄድ ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው ለመቆም ከሞከረ እግሩ ድንጋይ መሃል ይያዝና ውሃው ደፍቆ ያስቀረዋል። ተንጋሎ፣ እግሩን ወደሚሄድበት አስቀድሞ፣ የመጣውን ድንጋይ በጫማው እየገፋ ነው መውረድ ያለበት። ይህን የማያውቅ ደንበኛ ግን አምስት መካኒክ ዘይት ላይ ተንጋሎ እግሩን ሲያነሳ አይቶ የመኪናውን ቁልፍ ይዞ ይመለሳል።

እኔም ሥራዬን ያዝኩ። ጠንካራ አረንጓዴ ሸራ፣ በሰም የታሸ ክር፣ ከአሮጌ የወታደር ቀበቶ የተፈታ ዘለበት። ውስጡን በምን ልሙላው? ያኔ የስፖንጅ ፍራሽ መርካቶ መግባቱ ነበር፤ በጭድ ፍራሽ ላደገ ሰው ተአምር ነው። ቀላል ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ውሃ ላይ ሲጥሉትም ይንሳፈፋል። አንድ ፍራሽ ቆራርጬ ለሙከራ አንድ ሰፋሁና የዘነበች በርሜል ላይ ጣል አድርጌ እስከ ሃያ ቆጠርኩ። እንደ ዳክዬ ቁጭ አለ። በዚያው ረክቼ ስድስቱን ሰፍቼ አስረከብኩ። ሙሴም አንዱን የመኪና ማጠቢያው ገንዳ ውስጥ ነከር አድርጎ አየውና «አሰፋ፣ አንቺ ጎበዝ ነሽ» አለኝ። ታደሰማ አላወልቅም ብሎ ለብሶት ሻይ ቤት ድረስ መጣ፣ እየተንጎራደደ ሻይ ጋበዘን። ከዚያ ቀን የበለጠ የኮራሁበት ቀን የለም፣ ሞኝነቴን እዩት።

ሊነሱ አንድ ቀን ሲቀራቸው፣ ጠዋት ላይ፣ ዘነበች መንገዱን ተሻግራ ወደ መኪናዬ መጣች። በራሷ እግር እኔ ጋ ስትመጣ የመጀመሪያዋ ነው። የሙከራውን ጃኬት ከሚስማሩ ላይ አወረደችና በጣቷ ጫን ጫን አድርጋ ውስጡ ምንድን ነው አለችኝ። ስፖንጅ አልኳት፣ ደረቴን ነፍቼ።

«እኔ ሰሃን የማጥበው በምን ሆነና ነው?» አለች። «ስፖንጅ እኮ ውሃ ይጠጣል፣ አሰፋ።»

ሸራ ለብሷል አልኳት። የሳልባጅ ሸራ ጃኬት በቀን ስንት እንደማጥብ ታውቃለህ፣ ሸራ ውሃ አያስገባም ያለህ ማነው አለችኝ። ፈትኜዋለሁ እኮ፣ ሃያ ቆጥሬ ብላት፣ ወንዙ ላይ ሃያ ቆጥረው ነው የሚወጡት አለች። ከዚያ ከሰሉን ከካውያዋ ደፍታ፣ ካውያዋን በሲባጎ ጃኬቱ ላይ አሰረችና፣ ይቺ የታደሰ ራስ ናት ብላ በርሜሉ ላይ አስቀምጣው ወደ እጥበቷ ተመለሰች። እኔ ሱሪ እሰፋለሁ፣ በአንድ ዓይኔ በርሜሉን አያለሁ። አልሰጠመም። ሻይ አዝዤ ጠጣሁ፣ አልሰጠመም። የታደሰ ራስ እንዴት ናት እያልኩ አሾፍኩባት፣ እሷ እጥበቷን ቀጠለች። ምሳ ሰዓት ሊሆን ሲል ጃኬቱ በአንድ ጎኑ አዘነበለ። ቡልቅ ቡልቅ አለና ካውያዋ ሳትቸኩል፣ ቀስ ብላ፣ ገባች። በርሜሉ ላይ የቀረ ነገር የለም፣ ውሃው ብቻ። ሬዲዮው ይዘፍናል፣ የኔ እግር ግን ቆሟል።

ልዋሽ አልችልም፣ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ታደሰ አልነበረም። ስለ ስሜ ነው ያሰብኩት። መደዳው በሙሉ አሰፋ ለነጭ የውሃ ልብስ ሰፋ እያለ ነው፤ አሁን ሄጄ ሰዎቹን ሊያሰጥም ነበር ልል ነው? ምናልባት ላይወድቁ ይችላሉ አልኩ ለራሴ። ምናልባት ወዲያው ይወጣሉ። ዘነበች እጇን በሽርጧ እየጠረገች አየችኝ። አልሳቀችብኝም፣ ቅድም እንዳሾፍኩባትም አላስታወሰችኝም።

«ነገ ስንት ሰዓት ነው የሚነሱት?» ብቻ አለችኝ።

እርጥቡን ጃኬት ከበርሜል አውጥቼ ትከሻዬ ላይ ጥዬ ሮጥኩ። ክብደቱ የበግ ሙክት ያህላል። ውሃው በጀርባዬ ጫማዬ ውስጥ ይወርዳል፣ ሰዉ ገለል እያለ ያሳልፈኛል። ጋራዡ ስደርስ የጭነት መኪናው ተጭኖ ጀልባዋም በገመድ እየታሰረች ነበር። ሙሴ ፊት አወረድኩትና፣ ሳልቫጀንቴዎቹ ውሃ ይጠጣሉ፣ ግማሽ ቀን ሳይሞላቸው ይሰጥማሉ፣ ስህተቱ የኔ ነው አልኩት። ታደሰ የብሎን መፍቻ ወርውሮብኝ ነበር፣ ለጥቂት ሳተኝ። ልትገድለኝ ነበር ወይ አለኝ። ሙሴ ሬንዞ ጃኬቱን በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ያዘው። ውሃው ወለሉ ላይ ተንዠቀዠቀ፣ እግሩ ሥር ኩሬ ሠራ። ከዚያ እርጥብ እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ።

«ውሃው ሳይነግረኝ፣ አንቺ ነገርሽኝ» አለኝ። ከዚያ መኪናው ይራገፍ አለ።

አሥር ቀን ዘገዩ። ምን እንሙላው ሲባል አሁንም መላ ያመጣችው ዘነበች ናት። ምናለሽ ተራ ወርዳ ክዳን ያላቸው ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙሶች በማዳበሪያ ሞልታ መጣች፤ አየር ብቻ ያለበት ነገር ምን ይጠጣል ብላ። እኔ ሸራው ላይ እንደ ዝናር በየአንዳንዱ ጠርሙስ ልክ ኪስ ሰፋሁ፣ አንዱ ቢቀደድ ሌሎቹ እንዲቀሩ። ሙሴ ደግሞ ከፊት ዘጠኝ፣ ከኋላ አምስት አድርጊ አለኝ፤ ራሱን የሳተ ሰው እንኳ ቢሆን ፊቱ ወደ ላይ እንዲዞር ነው። ክዳኑን ዘነበች በማስቲሽ ትለጥፋለች፣ እኔ እሰፋለሁ። አሥር ቀን ሙሉ የማስቲሽ ሽታ ራሳችንን አዞረን፤ እኔ ደግሞ ከማስቲሹ ይሁን ከሷ አላውቅም ነበር። እያንዳንዱ ጃኬት ካውያ ታስሮበት ከጠዋት እስከ ማታ በርሜል ላይ ዋለ። ከተረፈው አረንጓዴ ሸራ ላይ ቁራጭ ወስዳ የካውያዋ እጀታ ላይ ጠመጠመችው፣ እጇን እንዳያቃጥላት።

ሄዱ። ስድስት ቀን ምግብ አልበላልህ አለኝ። በሰባተኛው ቀን ሻይ ቤቱ በር ላይ ፀሐይ ያከሰለው፣ አፍንጫው የተላጠ ታደሰ ቆሞ አየሁት። ቃል ሳይናገር መሬት ላይ ተንጋለለና እግሩን አነሳ። ሁለተኛው ጠመዝማዛ ላይ ጀልባዋ ድንጋይ መትታ እሱን ብቻ ወርውራዋለች። ውሃው አፍና አፍንጫውን ሞላው፣ ልቆም ሲል የሙሴ ጩኸት ከጋራዡ ወለል ጀምሮ ጆሮው ላይ ነበርና እግሩን አስቀደመ፣ ጃኬቱም ፊቱን ወደ ሰማይ አዙሮ አወረደው፤ ታች ላይ በገመድ ጎትተው አወጡት። ሦስት ጊዜ አስወራሁት። በእያንዳንዱ ጊዜ ዘነበች ከፊት ለፊት እጥበቷን ትታ ታዳምጥ ነበር፣ ዓይኗን በሽርጧ እየጠረገች። ሙሴ ሬንዞ አገሩ ገብቶ አረፈ ሲሉ ሰማሁ። ታደሰ ግን አለ፣ ሳሪስ ነው የሚኖረው፤ እስከ ዛሬ ሲደውልልኝ ደህና ነህ አይለኝም፣ እግር ወደ ፊት ነው የሚለኝ።

ዘነበችን አገባኋት፤ ታደሰ ሚዜዬ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ለመነችኝ። ካውያዬ በርሜል የገባችለትን፣ አዋሽ የሚሉትን ወስደህ አሳየኝ አለችኝ። ከገና ሥራ በኋላ አልኳት፣ ከፋሲካ በኋላ አልኳት። ልጆች መጡ፣ የልጆች ትምህርት ቤት መጣ፣ ከዚያ የሷ ጉልበት መጣ። ተነስተህ ብትሄድ በግማሽ ቀን የምትደርስበት ቦታ ነው እኮ! አርባ ምናምን ዓመት አብረን ኖረን አላደረስኳትም። ካረፈች አራት ዓመት ሆናት። ከሰው ጋር ስጫወት ይህን ቦታ እየዘለልኩ ነው የማወራው፣ ዛሬ ግን አልዘለልኩትም።

ይህን ሁሉ ለመክሊት አጫውቼ ስጨርስ ጥያቄዬን ጀመርኩ። ላይ አገር ቢዘንብስ? አንድ ሰው ጠዋት ላይ ከላይ ካሉ ከተሞች እየደወለ ይጠይቃል አለችኝ። ሰው ቢወድቅስ? ስልኳን አውጥታ ፉጨቱን፣ ገመዱን፣ ቅርብ ያለውን ሐኪም ቤት ሳይቀር ደርድራ አሳየችኝ። ሙሴ ሬንዞ ቢያያት አንቺ ጎበዝ ነሽ ይላት ነበር፣ ያኔስ ትክክል ይሆንለት ነበር። እኔ ግን አልረካሁም። ተነሳሁ፣ ከአልጋዬ ሥር የዘነበችን ካውያ አወጣሁ፣ በሲባጎ ብርቱካናማው ጃኬት ላይ አሰርኩና ውሃ የምናጠራቅምበት ሰማያዊ በርሜል ላይ አስቀመጥኩት። ምራቴ፣ የመክሊት እናት፣ ጮኸች። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን በሚመጣበት ሰፈር የሚጠጣ ውሃ ላይ ዝገት ያስገባል እንዴ አለች፤ እውነቷን ነው። ወንበሬን አስጠግቼ በርሜሉን ስጠብቅ ዋልኩ። አልሰጠመም። ምሳ በላን፣ አልሰጠመም። ፀሐይ አጥሩ ጀርባ ስትገባም ካውያዋ እንደ እመቤት ቁጭ ብላለች። ደስ ሊለኝ ሲገባ ትንሽ ከፋኝ፣ አልዋሽም። ሽማግሌ ትክክል መሆን ይወዳል።

መክሊት ካውያዋን ፈታች፣ በነጠላዋ አደረቀቻት፣ ወደ ቦታዋ ልመልሳት ስል ግን አልሰጠችኝም።

«አባባ፣ ይሄ አንዱ ነው። አምስቱ አልተፈተኑም» አለችኝ። «ካውያዋን ይዣት ልሂድ?»

ዘነበች ካረፈች ወዲህ ከቤት ወጥታ የማታውቅ ካውያ ናት። እስከ ነገ ላስብበት ልላት አሰብኩ፣ እምቢ ልላት አሰብኩ፣ ከዚያ ራሴ በጋዜጣ ጠቅልዬ ቦርሳዋ ውስጥ ከተትኩላት። በነጋታው ስትወጣ በሩ ላይ ሌሎቹ መልካም ጉዞ አሏት። እኔ እግር ወደ ፊት አልኳት። ሳቀችና አንገቴን አቅፋ ሳመችኝ።

እሑድ ከቀትር በኋላ የምራቴ ስልክ ጮኸ። መክሊት ድምፅ ልካለች። ትናንት ጠዋት ወንዙ ጸጥ የሚልበት ጥግ ላይ ያልተፈተኑትን አምስቱን፣ አንዱን በካውያዋ ሌሎቹን በካውያዋ ልክ ድንጋይ አስረው ሲፈትኑ፣ የአንዱ ስፌት ውሃ አስገብቶ ከምሳ በፊት ካውያዋን ይዟት ወርዷል፤ ካውያዋን በገመድ ጎትተው አወጧት፣ ጃኬቱን ትተው ልጁ የአስጎብኚውን አሮጌ ለበሰ፣ ወርደው ሁሉም ደህና ገብተዋል። ከድምፁ ቀጥሎ ፎቶ መጣ። ምራቴ ስልኩን ፊቴ ላይ አስጠጋችልኝ። ልጆቹን መጀመሪያ አላየኋቸውም። ቡናማው ውሃ ላይ ብርቱካናማ ጃኬት አለ፣ ጃኬቱ ላይ ካውያዋ ተቀምጣለች፣ እጀታዋ ላይ ያቺ አረንጓዴ ሸራ እንደተጠመጠመች ናት፣ ከኋላዋ ወንዙ አረፋውን እየደፈቀ ይወርዳል።

ምራቴ ማልቀሴን አይታ ደነገጠች። ልጅቷ እኮ ደህና ናት፣ ሰምተዋል አይደል አለችኝ።

ሰምቻለሁ አልኳት። ዘነበች አዋሽን አየች አልኳት።